የአንባብያን ጥያቄ፦ ከጸሎቱና ከእግር ጉዞው የቱ ይቅደም?

«ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፦ ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ነዋሪና በጡረታ ላይ ያለሁ መምህር ነኝ። ቤቴ ወደ ጦሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ሐኪም የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን፣ ስኳሬም ወደ ድንበሩ መጠጋቱን ነግሮኝ፣ መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንድራመድ መከረኝ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱት ጎረቤቴ ሐጂም ይህንኑ ተመክረው ስለነበር፣ እርሳቸው ሱብሂ ሰግደው ከመስጊድ ሲወጡ ፒያሳ ላይ እየተገናኘን አብረን መራመድ ጀመርን። እኔ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ውዳሴ ማርያሙን በመንገድ ላይ አደርሳለሁ። ባለቤቴ ግን ‹ጸሎትን ከስፖርት ጋር አትደባልቀው፣ ሁለቱንም ታጣለህ› ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር አፌ ጸሎቱን ሲያነበንብ ልቤ የጣራውን ቆርቆሮና የልጅ ልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ያሰላል። ደግሞም ዝናብ ሲመጣ እናቋርጣለን፤ ጾም ሲገባም እንዲሁ። ሐጂ በበኩላቸው በፍጥነት ሲራመዱ የዚክራቸው (አላህን የሚያወሱበት ቃል) ቁጥር እንደሚጠፋባቸው፣ በረመዳንም እንዴት እንደሚያደርጉ እንድጠይቅላቸው ነግረውኛል። ‹አብሽር፣ አላህ ያግዘናል› እያሉ የሚያበረቱኝ እርሳቸው ናቸው፤ ሆኖም ሁለታችንም ምክር እንፈልጋለን። ሃይማኖታችን የተለያየ በመሆኑ አብሮ መሄዱስ ለሁለታችን ማሰላሰል እንቅፋት አይሆንም ወይ?»

መምህሩ፣ ከደሴ

የተከበሩ መምህር፦ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ቀድሞ መመለስ ያለበት የባለቤትዎ ነው፤ ምክንያቱም የቀሩት በእርሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። በእኔ እይታ ባለቤትዎ በሚበልጠው ነገር ትክክል ናቸው። ውዳሴ ማርያም ለሳምንቱ ሰባት ቀናት ተከፍሎ የተሰጠ፣ የየዕለቱ ድርሻ ያለው ጸሎት ነው። ነጠላ አጣፍቶ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ቆሞ የሚደርስ ጸሎት፣ ከባጃጅ ጥሩምባ ጋር እየተሻማና ትንፋሽ እያጠረው ሲደርስ የቆጠበው ጊዜ የለም፤ የተቆጠበ የመሰለው ሩብ ሰዓት ከጸሎቱ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ጸሎቱን ወደ ቤትዎ ይመልሱት። ቆመው ያድርሱና፣ «አሜን» ባሉበት ቅጽበት ጫማዎን ያጥልቁ። የእግር ጉዞው የሚጸናውም በዚህ መንገድ ነው፤ ለዓመታት ሳይቋረጥ የኖረ የጸሎት ሰዓት ስላለዎት፣ አዲሱን ልማድ የእርሱ ተከታይ ማድረግ ከባዶ አዲስ ሰዓት ከመፍጠር እጅግ ይቀላል። «ዛሬ መቼ ልውጣ?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ የሚያነሳ ሰው በአብዛኛው ሳይወጣ ይውላል።

ባለቤትዎ ትክክል ያልሆኑበት ነጥብ ግን መንገድን ከመንፈሳዊ ነገር ባዶ ማድረጋቸው ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 የእግዚአብሔር ቃል በቤት ሲቀመጡ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ሲሄዱም እንዲነገር ታዝዟል፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 24 ይስሐቅ ማታ ላይ በልቡ እያሰላሰለ ወደ ሜዳ መውጣቱ ተጽፏል። አባቶቻችንም ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደር አድርገው በትከሻቸው አንግተው አገር ላገር ይዞሩ የነበረው ለጌጥ አልነበረም። በእስልምናም በኩል የቁርኣኑ የአል-ኢምራን ምዕራፍ አላህን ቆመው፣ ተቀምጠውና በጎናቸው ተጋድመው የሚያወሱትን፣ የሰማያትንና የምድርንም አፈጣጠር የሚያስተነትኑትን ያወድሳል። መደበኛው ጸሎትና ሶላት የራሳቸው ቦታ፣ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ማሰላሰልና አጭር ዚክር ግን ከእግር ጋር ይሄዳሉ።

ምን ያህሉ ከእግር ጋር እንደሚሄድ የሚወስነው ትንፋሽ ነው። ሐኪሞች «መካከለኛ ጥረት» የሚሉትን የአካሄድ ፍጥነት ያለ መሣሪያ ለመለካት የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፤ የሚራመደው ሰው ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለበት፣ መዝፈን ወይም መዘመር ግን ሊያቅተው ይገባል። መዝሙሩን ወይም መንዙማውን እንደ ልብዎ ማዜም ከቻሉ አካሄድዎ ለልብና ለደም ሥር ብዙም አልጠቀመም፤ ሦስት ቃል ለመናገር ካቆራረጠዎት ደግሞ አልፎታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ዳገቷ ቶሎ ትንፋሽ ያሳጥራልና ይህን መለኪያ ከሰዓት ይልቅ እመኑት።

የእርስዎን መንገድ በዚሁ ሚዛን እንየው። ከቤትዎ ሲወጡ ቁልቁለት ነው። ጉልበት ገና አልሞቀም፣ ቁልቁለት ደግሞ ከዳገት ይልቅ ጉልበትን ይጫናል፤ ስለዚህ እርምጃዎን አሳጥረው፣ ቀስ ብለው፣ ከተቻለ ቀጥ ብለው ሳይሆን ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ይውረዱ። ይህ ክፍል የዝምታ ነው፤ ጠዋት ካደረሱት ጸሎት ውስጥ አንድ ሐረግ ብቻ ይያዙ፣ አይድገሙት፣ አስቡት። ፒያሳ ደርሰው አስፋልቱን ሲይዙ መንገዱ ሜዳ ይሆንልዎታል፤ የሐኪሙ ግማሽ ሰዓት እዚህ ነው። ፈጠን ይበሉ፣ እጅዎን ያወዛውዙ፤ በቃል የሚያውቁትን አንድ መዝሙረ ዳዊት በንባብ ድምፅ ማለት ከቻሉ ፍጥነትዎ ልክ ነው። በመጨረሻ ወደ ቤት የሚመልሰው ዳገት አለ፤ ሰው ሲደክመው የሚወጣው እርሱ ስለሆነ ለእርስዎ የደም ግፊት ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። እዚያ ረጅም ጸሎት አይሞክሩ። «እግዚኦ» ሲሉ ትንፋሽ ያስገቡ፣ «መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ያስወጡ፤ ቃሉ ከትንፋሹ ጋር መሄድ ሲያቅተው ቆም ብለው ይረፉ። በደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ስሜት፣ ወይም ማዞር ካለ ግን ይህ የሚታገሡት ድካም አይደለም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ለሐጂ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራቸው። ወደ መስጊድ ሲሄዱ አይፍጠኑ። ኢቃማ (ሶላት ሊጀመር ሲል የሚሰማው ጥሪ) ሲደረግ እንኳ እየሮጡ መምጣት እንደማይገባ፣ ይልቁንም በእርጋታ መሄድ እንደሚገባ በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ መጻሕፍት የተዘገበ ሐዲስ ያስተምራል። ስለዚህ ለጤና የሚደረገው ፈጣን አካሄድ ከሶላት መልስ ይሁን፤ መሄጃው የእርጋታ፣ መመለሻው የፍጥነት። (መምህርም ቅዳሴ ሲሄዱ እንዲህ ቢያደርጉ አይጎዳቸውም።) በሉቅማን ምዕራፍም «በአካሄድህ መካከለኛ ሁን» የሚል ቃል አለ፤ የአንቀጹ ፍሬ ነገር ትዕቢትን መከልከል ቢሆንም ለእግረኛም መልካም ምክር ይመስለኛል። ቤታቸው ከመስጊድ መራቁን እንደ ችግር ካዩት ደግሞ በኑ ሰሊማ የተባሉትን የመዲና ጎሳ ሰዎች ታሪክ ያስታውሱ፤ እነዚያ ሰዎች ቤታቸውን ወደ መስጊዱ ለማስጠጋት ሲያስቡ ነቢዩ ባሉበት እንዲቆዩ፣ የእግራቸው ፋና እንደሚጻፍላቸው ነግረዋቸዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ዳገቱን ለመሸሽ ባጃጅ አይጠራም፤ ሕመም ካልያዘው በስተቀር።

ስለ ዚክሩ ቁጥር ያሉት ችግር ቀላል መፍትሔ አለው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አይቁጠሩ። ከሶላት በኋላ የሚባለውን 33 ጊዜ «ሱብሃነላህ»፣ 33 ጊዜ «አልሐምዱሊላህ» እና ተከታዩን ቁጭ ብለው ይጨርሱ፤ በመንገድ ላይ ያለው ዚክር ቁጥር አልባ ይሁን። እርምጃ የሚቆጥር ስልክ የያዘ ሰው ላይ ይህ ይብሳል። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው የሚያሳድደው የ10,000 እርምጃ ግብ የመጣው ከሕክምና ምርምር ሳይሆን በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ቀድሞ የነበረውም «ቢያንስ አሥር ደቂቃ በተከታታይ» የሚለው ገደብ ቀርቷል። ለሐጂ ይህ መልካም ዜና ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ ወደ መስጊድ የሚደረጉት አጫጭር መንገዶች ሁሉ ይደመራሉ፣ ፈጣኖቹ የመልሱ እርምጃዎች ደግሞ ለሳምንቱ ድምር በቀጥታ ይቆጠራሉ።

ወደ ልብ መባዘን ልመለስ። የጣራው ቆርቆሮና የትምህርት ቤት ክፍያው በመንገድ ላይ መምጣታቸው የመንገዱ ጥፋት አይደለም፤ ቤት ውስጥ ቆመው ሲጸልዩም ይመጣሉ፣ እዚያ ግን መጽሐፉ ዓይንዎን ስለሚይዝ ብዙም አያስተውሏቸውም። ከቤት ሳይወጡ አንድ ቃል ይምረጡ፤ «ቸርነትህ»፣ «ጠብቀኝ»፣ ወይም ከዕለቱ ወንጌል አንዲት ዓረፍተ ነገር። ሐሳብ ሲሸሽ ወደ ቃሉ ይመልሱት፣ ስለ መሸሹ ግን ራስዎን አይገሥጹ፣ ግሣጼው ራሱ ሌላ ሐሳብ ይሆናልና። ስለ ክፍያው ማሰብ ግድ ከሆነ ደግሞ ለሐጂ ይንገሯቸው፤ ችግርን ለጎረቤት ማዋየት ከጸሎት የሚያናጥብ ነገር አይደለም።

ብዙዎች ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ ብለው በጆሮ ማዳመጫ ስብከት ወይም ዳዕዋ እየሰሙ ይራመዳሉ። ይህን አልደግፍም። ስብከት መስማት መማር ነው፣ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ድምፅ የተሞላ ጆሮ ለራስ ማሰላሰል ቦታ አይተውም። ደግሞም የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ አይሱዙና ባጃጅ ከኋላ ሲመጡ ጆሮ ያስፈልጋል። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገራችን እግረኛ የመንገዱን ግራ ይዞ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያየ ቢሄድ ይሻላል። ሐጂ ገና ሳይነጋ ለሱብሂ የሚወርዱ ከሆነ ብቻቸውን ባይሆኑ፣ ከዘራም ባይለያቸው መልካም ነው፤ ከጅብ ይልቅ የሚያሳስበው ውሻ ነው። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ የግድ ነው።

አብሮ መሄዱን በተመለከተ የጠየቁት ጥያቄ ወሎ ላይ ባይጠየቅ ይሻል ነበር ብዬ ፈገግ አልኩ፤ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ዱዓ ሲያደርግ ሌላው «አሚን» የሚልበት አገር ነውና። ሆኖም ጥያቄው ከባድ ጎን አለው። ማሰላሰል ዝምታ ይፈልጋል፣ ጓደኛ ደግሞ ጨዋታ ይፈልጋል። ስለዚህ ተስማሙ፤ ፒያሳ ከተገናኛችሁ በኋላ መሄጃው በዝምታ፣ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ቃል፤ መመለሻው በጨዋታ። አንዱ ሌላውን ወደ ራሱ ጸሎት መጋበዝ አያስፈልገውም፣ ከራሱ ጸሎትም መደበቅ አይገባውም። አንድ ሰው ፒያሳ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ ማወቅ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚያወጣውን ያህል የሚያወጣ ምክር እኔ የለኝም።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ማለት ይፈቀድልኝ። ወሎ ከእምነት ጋር መራመድን የሚያስተምረው አያስፈልገውም፤ መስከረም 21 ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው፣ ለልደት ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚጓዘው፣ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚተመው ሕዝብ ይህን ያውቃል። የሚቸግረን የዕለቱ ነው። የአምባሰልን አቀበት ተሳልሞ ለመመለስ የማይሰለች ሰው በማግስቱ ከፒያሳ ጥቂት ሜትር ለመሄድ ባጃጅ ይሳፈራል። ለስለት የሚደረግ ጉዞ በረከቱ ብዙ ነው፤ ለደም ግፊት ግን በዓመት አንድ ጊዜ ከሚወጣ ተራራ ይልቅ በየቀኑ የሚረገጥ ተራ አስፋልት ይበልጣል።

ዝናብ ሲመጣ ማቋረጣችሁን በተመለከተ፣ ማቋረጡ ሳይሆን ሳይመለሱ መቅረቱ ነው የሚጎዳው። በለንደን 96 ሰዎችን ተከታትሎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አዲስ ተግባር ሳያስቡት የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚሆን አሳይቷል፤ በመሐል አንድ ቀን መዝለል ግን ልማዱን አላፈረሰም። ክረምት ላይ ብዙውን ጊዜ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የጠዋቱ ሰዓታችሁ ይጠቅማችኋል። ከበልግ ዝናብና ከጭቃ የሚጠብቅ ጫማ ይኑራችሁ። ሐጂ ስኳር ስላለባቸው ያለ ካልሲ ፕላስቲክ ጫማ አያድርጉ፣ ማታ ማታም የእግራቸውን መዳፍና የጣቶቻቸውን መሐል ይመልከቱ፤ ስኳር የእግርን ስሜት ሲያደነዝዝ ቁስል ሳይታወቅ ይሰፋል።

ጾም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፣ የሁለታችሁም መልስ አንድ አይደለም። መምህር መድኃኒት ስላልጀመሩ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረቡዕና ዓርብ የጠዋቱን ጉዞ መተው የለብዎትም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ግን ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ወይም ፈጣኑን ክፍል ከምግብ በኋላ ያድርጉት፤ ከምግብ በኋላ የሚደረግ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል። ሐጂ ግን ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን የሚወስዱ ከሆነ በረመዳን ቀን ላይ በፍጥነት መራመድ ስኳራቸውን ከመጠን በታች ሊጥለው ይችላል። ከኢፍጣር በኋላ መራመድ፣ ለተራዊሕ (ለረመዳን የሌሊት ሶላት) በእግር መሄድና መመለስ ለእርሳቸው ይበቃል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታትና መደናገር ከተሰማቸው፣ ወይም የስኳር መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ወዲያው ማፍጠርና ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ መጠጣት አለባቸው። ቁርኣን ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን የመተካትን ፈቃድ ሰጥቷል፤ በኦርቶዶክስም በኩል ለሕመምተኛ የንስሐ አባት አለ። ከጾሙ መግቢያ ሳምንታት ቀደም ብሎ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ማስተካከል ከሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነው። «ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምሠራ ወጣት ነኝ። ፈረቃዬ ሲቀያየር የመራመጃ ሰዓቴም ይቀያየራል፤ እንዴት ልማድ ላደርገው እችላለሁ? ሶላቴንስ ከስፖርት መቁጠር እችላለሁ?» ብላለች አንዲት እህታችን።

እህቴ፣ የአንቺ የሥራ ሰዓት ይቀያየራል እንጂ የሶላትሽ ወቅት አይቀያየርም። የጠዋት ፈረቃ ላይ ከሆንሽ ከዐስር (ከከሰዓት በኋላው) ሶላት በኋላ፣ የከሰዓት ፈረቃ ላይ ከሆንሽ ከዙሁር (ከቀትሩ ሶላት) በፊት፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ ከሆንሽ ሱብሂ ሰግደሽ ወደ ቤት ስትመለሽ ተራመጂ፤ ሰዓቱ ይለያይ እንጂ ከየትኛው ሶላት ጋር እንደተያያዘ ታውቂያለሽ። ኮምቦልቻ ከደሴ ቆላማ በመሆኗ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ስለሚበረታ ረፋዱን ምረጪ፣ ውኃም ያዢ። ቀኑን ሙሉ ማሽን ስር ስትቆሚ የዋልሽበት ቀን እግርሽ ካበጠ መጀመሪያ ጥቂት እግርሽን ከፍ አድርገሽ አርፈሽ ከዚያ ውጪ። ስግደቱ ጉልበትንና ወገብን ያፍታታል፤ ስፖርት ብለሽ ግን አትቁጠሪው፣ ደቂቃ መቆጠብ ስትጀምሪ የሚያጥረው ሱጁዱ (ግንባር መሬት የሚነካበት ስግደት) ነው።